ቴሌስኮፑና የዕድሩ ድንኳን

ናዝሬት ውስጥ የሰው በር ሳንኳኳ፣ ገና «ማነው?» ሳልባል «በሰላም ነው፤ በሰላም ነው የመጣሁት» ማለት ልማዴ ነው። ይህን ረስቼ ዝም ብዬ የገባሁ ቀን ጉድ ይፈላል። አንዲት ጎረቤቴ በሩ ላይ ስታየኝ የያዘችውን የወተት ድስት ለቃዋለች። አንድ ወዳጄ ደግሞ ራሱ ቢራ ሊጋብዘኝ ቀጥሮኝ ሲያበቃ፣ በሰዓቱ ብቅ ስል የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ቀስ ብሎ ተቀመጠና «ማን ነው? አትደብቀኝ» አለኝ። ቢራውን የጠጣነው ድሬዳዋ ያሉትን ዘመዶቹን ሁሉ በስልክ አስጠርቶ ደህንነታቸውን ካጣራ በኋላ ነው።

እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ሐኪምም አይደለሁም። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ሌላው ሰው ስሙ በመጠጥ ወይም በሴት ይጠፋል፤ የእኔ የጠፋው በቴሌስኮፕ ነው። ይህ ደግሞ በአጭሩ ተነግሮ የሚገባ ነገር ስላልሆነ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። አንድ ክረምት ለሥልጠና ወደ ሶቪየት ኅብረት ከተላኩት መምህራን መካከል ነበርኩ። ጓደኞቼ ካፖርትና ካሜራ፣ አንዱማ የልብስ ስፌት መኪና ሳይቀር ተሸክመው ሲመለሱ፣ እኔ ያለችኝን ሳንቲም ሁሉ አራግፌ አንድ ሳጥን ስላይድ ገዝቼ መጣሁ። ስላይዶቹ ላይ ያለው ሰማይ ነው። እናቴ አንዱን አንስታ አየችና «ይሄ እኮ እዚህም አለ» አለችኝ።

እሷ ያላየችው ሥዕሎቹ የተነሱበትን መሣሪያ ነው። በሽርሽር ቀናችን ካውካሰስ የሚባለው ተራራ ላይ አውጥተው አሳይተውናል። ጣሪያው ክብ ሆኖ መሐሉ የሚከፈት ትልቅ ቤት አለ፤ በውስጡ የተተከለው ቴሌስኮፕ የመስታወቱ ስፋት ስድስት ሜትር ነው። አሜሪካኖቹ አምስት ሜትሩን ይዘው ለስንት ዘመን ሲኩራሩ እንደኖሩ አስተርጓሚያችን ደጋግሞ ነገረን። እኔን የገረመኝ ግን ትልቅነቱ አይደለም። መስታወቱ ቀልጦ ቅርጽ ከያዘ በኋላ እስኪቀዘቅዝ ዓመት አልፎታል አሉን። ሆን ተብሎ ቀስ በቀስ ነው የሚቀዘቅዘው፤ ከቸኮሉበት ይሰነጠቃል። ሌላው ያስደነቀኝ ተመራማሪው የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ በተንጠለጠለች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ካፖርት ደራርቦ፣ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ይቀመጣል። ኮከቡን በዓይኑ እንኳ አያየውም፤ ብርሃኑን የሚቀበለው የፎቶግራፍ መስታወቱ ነው።

ከዚያ ከተመለስኩ በኋላ ስለ ቴሌስኮፕ ካላወራሁ እህል አይወርድልኝም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ አወራለሁ፤ ዳቦ ሰልፍ ላይ አወራለሁ። ሶደሬ ፍል ውሃ ውስጥ እስከ አንገቴ ተነክሬ ሳለሁ እንኳ አንዱን የማላውቀውን ሰውዬ ይዤ ስለ ከዋክብት ርቀት ሳወራው፣ እንፋሎቱን ተገን አድርጎ ጠፍቶብኛል። ይህ ወሬዬ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጆሮ ደረሰ። ሊቀመንበሩ በእሁድ ውይይት ላይ ሕዝቡ እያንቀላፋ ስላስቸገራቸው «ጓድ መምህር፣ እስቲ አንድ ሳይንሳዊ ነገር በሥዕል አስደግፈህ አቅርብልን» አሉኝ። በደስታ የምይዝ የምጨብጠውን አጣሁ።

ችግሩ ስላይድ ከትምህርት ቤት በተዋስኩት ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ እንዲታይ ጨለማ መፈለጉ ነው። የቀበሌው አዳራሽ መስኮቶች ወደ ፀሐይ መግቢያ ዞረው መከለያ እንኳ የላቸውም፤ ስብሰባው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ጋዜጣ ለጥፌ ሞከርኩ፤ የናዝሬት ነፋስ ይዞት ሄደ። ብርድ ልብስ ልዋስ ብዬ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ በእኛ ሰፈር ሙቀት ወፍራም ብርድ ልብስ ያለው ሰው ከየት ይመጣል? በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣልኝና ራሴን አደነቅሁ። የዕድሩ ድንኳን አለ። ወፍራም ሸራ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ዓመቱን በሙሉ መጋዘን ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

የሚወጣውም ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን ግን ጭንቅላቴ ካውካሰስ ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ቱፋ ናቸው። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሲስቁ ከወፍጮው ድምፅ በላይ ይሰማሉ ይባል ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሳቃቸው ጠፍቷል። እኔ ሞተሩ ተበላሽቶባቸው ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር።

«አካም ጅርቱ ጋሽ ቱፋ» ብዬ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ።

«ፋያ፣ ገለተ ዋቃ። ምን እግር ጣለህ መምህር?»

«ለእሁድ ድንኳኑን ፈልጌው ነበር። ለቀበሌው አዳራሽ።»

ጋሽ ቱፋ የያዙትን ቁና መሬት አስቀመጡ። ለሠራተኛው በእጃቸው ምልክት ሰጡትና ወፍጮው ቆመ። እንዲህ ያለ ዝምታ እዚያ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም።

«ሊቀመንበሩ ያውቃሉ?» አሉኝ።

«እሳቸው ናቸው እኮ ተናገር ያሉኝ።»

«የምትናገረው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ እትዬ አስካለን ከፊት ያስቀምጡልኝ። ሩቅ ያለ ነገር አይታያቸውም።»

እትዬ አስካለ የቤቴ አከራይ ናቸው። አንድ ልጃቸው ግርማ ሰሜን ጦር ግንባር ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። በየቀኑ ለእሱ የሚሆን ምሳ በሳህን ለይተው ይከድኑና ማታ ለጎረቤት ልጆች ይሰጡታል። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪሙ «እኚህ ሴትዮ ድንጋጤ አይችሉም፤ አንድ ቀን ይወድቁባችኋል» ስላለ ሰፈሩ በሙሉ ይጠነቀቅላቸዋል። እሳቸው አጠገብ ሬዲዮ እንኳ ድምፁ ዝቅ ይደረጋል። ወደ ንግግሩ የጋበዝኳቸው እኔው ነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ካሉት ስላይዶች አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው «ይሄ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ ከብዙ ዘመን በፊት ፈንድቶ ያለቀ ኮከብ ነው አልኳቸው። «ካለቀ ታዲያ እንዴት ይታያል?» ብለው ጠየቁኝ። ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ ስለማያውቅ፣ እሁድ ይምጡና ይስሙ አልኳቸው።

ጋሽ ቱፋ ግን ስማቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «አዎ፣ አይታያትም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝና «ዋቃ ይርዳህ፤ ከባድ ነገር ነው የተሸከምከው» አሉኝ። ለአንድ የስላይድ ንግግር ይህ ትንሽ በዛብኝ፤ ሆኖም አንዳንድ ሰው ለሳይንስ ያለው አክብሮት የተለየ ነው ብዬ ተውኩት።

እሁድ ደረሰ። እኔ የፈለግሁት ሸራውን ብቻ ነበር፤ ባለጋሪው ግን እንደ ልማዱ አግዳሚ ወንበሮቹንና ትልቁን የብረት ድስት ጭምር ጭኖ ጠበቀኝ። መልሰህ አውርድ ብለው ሰዓት ይሄድብኛል ብዬ ዝም አልኩ። ያለኝ አንድ ሙሉ ልብስ ጥቁር ነው፤ ለክብሩ እሱን ለብሻለሁ። ድንኳኑ አቧራ ላይ እንዳይጎተት ከጋሪው ኋላ ኋላ እከተላለሁ። ነፋሱ አሸዋ ዓይኔ ውስጥ ስለሚሞጅርብኝ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ በመሐረብም ዓይኔን እጠርጋለሁ። እስቲ አሁን እኔን ከመንገድ ዳር ቆማችሁ እዩኝ።

ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የነበሩት ተነሱ። ከረምቡላ የሚጫወቱት ዱላቸውን አስደግፈው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለሱቁ አንዱን መዝጊያ ገጠመ። አንድም ሰው ግን ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔ ደግሞ ሰላምታ መስሎኝ ግራና ቀኝ ራሴን እየነቀነቅሁ አለፍኩ።

አለመጠየቃቸው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በእኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሰው ነገሩን የሚያውቀው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ጎረቤቱ ሰምቶ፣ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ድንኳኑ ተዘጋጅቶ ሲያልቅ ነው ባለቤቱ የሚነገረው። ስለዚህ ድንኳን ሲያልፍ ያየ ሰው «የማን ነው?» ብሎ አይጮህም፤ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ራሱ ጠያቂውም ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ደግሞ ወይ ሰሜን ልጅ ያልላከ፣ ወይ ማታ ተወስዶ የቀረ ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነበር። ድንኳኑ ሲያልፍ ያየው ሁሉ በየልቡ ምን እንዳለ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። መርዶ በጠዋት እንጂ ከሰዓት በኋላ አይነገርም የሚል አንድ አስተዋይ እንኳ አልተገኘም፤ ቢገኝም «ዛሬ ስብሰባ ስላለ ነው» ብሎ ራሱን አሳምኖ ይሆናል።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በቅጣት እያስፈራሩት እንኳ የማይመጣው ሕዝብ ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ እጃቸውን እያፋተጉ «ጓድ መምህር፣ ሕዝቡ ነቅቷል» አሉኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ ገልብጠው ለብሰዋል። ይህን አይቻለሁ፤ የነፋሱ አቧራ ነው ያስጠቀለላቸው አልኩ። ሰው ሲሞኝ ለሁሉም ነገር ምክንያት አያጣም። በሩ ላይ አንዲት ሴትዮ ሰፌድ ሙሉ ንፍሮ ይዘው ቆመዋል። የለቅሶ ቤት ንፍሮ መሆኑ ለሌላው ሁሉ ግልጽ ነው፤ እኔ ግን ቀበሌው ለተሰብሳቢው ያሰበበት መስሎኝ እፍኝ ሙሉ ዘገንኩና «እጅዎ ይባረክ፤ ጨው ብቻ አንሶታል» አልኳቸው። ሴትዮዋ ያዩኝን አተያይ አልረሳውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ድንኳኑን በመስኮቶቹ ላይ ዘርግተን ቸነከርነው። በሩ ሲዘጋ አዳራሹ ጨለመ፤ ሸራው ለዓመታት የጠጣው የጧፍና የሲጋራ ሽታ ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ ነው ያላሰብኩት ነገር የታየው። ድንኳኑ ቀዳዳ ነበረው። ለቅሶ የሚያድሩ ወንዶች በሲጋራ፣ ፋኖስ የሚያቀጣጥሉት በክብሪት ፍንጣሪ ሸራውን ሲበሱት ኖረዋል። በየቀዳዳው የገባው ብርሃን ፊት ለፊት ባለው ግድግዳና በሰዉ ነጠላ ላይ ትንንሽ ክብ ክብ ሆኖ አረፈ። አዳራሹ በከዋክብት ተሞላ። እኔ በበኩሌ በደስታ ልሞት ምንም አልቀረኝ። ቀዳዳው ምንም ዓይነት ቅርጽ ይኑረው፣ በትንሽ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ግድግዳው ላይ የሚሥለው የፀሐይዋን መልክ ነው፤ ይህን አብራራሁ። «እነዚህ የምታዩዋቸው ሁሉ ፀሐዮች ናቸው» አልኩ።

ከመካከል አንዲት ሴት ለጎረቤቷ ስታንሾካሹክ ሰማሁ። «ያቺ ትልቋ በእትዬ አስካለ ባል ለቅሶ የተቃጠለችው ናት።» ሌላዋም «ያችኛዋ የእኛ ናት» አለቻት። ሰው ሁሉ በጨለማው ውስጥ ግድግዳው ላይ የየራሱን ቀዳዳ ይፈልግ ጀመር።

መግቢያዬን ስዘጋጅበት ሰንብቻለሁ። ሽማግሌዎች ስለ ከዋክብት መሞት ሲሰሙ እንዳይደነግጡ ብዬ አለሳልሼ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦ «ወገኖቼ፣ አትደንግጡ። ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ዛሬ የሆነ አይደለም፤ ከሆነ ቆይቷል። እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ይህ ደግሞ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው።» ብዙ የመርዶ ቤት አውቃለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የመርዶ መግቢያ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

የቴሌስኮፑን ቤት አሳየሁ፤ መስታወቱ እስኪቀዘቅዝ ዓመት ማለፉንም ነገርኩ። ስለዚያ ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚንቀጠቀጠው ተመራማሪ ያዘጋጀኋትን ቀልድ አወራሁ፤ አንድም ሰው አልሳቀም። የኮከብን ብርሃን እንዴት በመስታወት ከፋፍለው ቀለሙን እንደሚዘረጉት፣ በቀለሙ መሐል ካሉት ጥቁር መስመሮች ኮከቡ ውስጥ ብረት እንዳለ ሳይነኩት እንደሚያውቁ ነገርኩ። ከእኛ ርቀው ያሉት የከዋክብት መንጋዎች ሁሉ ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ እየራቁ እንደሆነ፣ ሩቅ ያሉት ደግሞ ይበልጥ እንደሚፈጥኑ ስናገር ከኋላ አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። ሳይንስ እንዲህ አንጀቱን የሚበላው ሕዝብ አይቼ አላውቅም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

በዚህ መሐል ነፋስ መጣ። ሸራው እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ተነፋና ተመልሶ ወደቀ፤ ግድግዳው ላይ ያሉት ብርሃኖች በሙሉ አንድ ላይ ተንቀጠቀጡ። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ኮከብ ብልጭ ድርግም የሚለው አየሩ ሲንቀሳቀስ መሆኑን፣ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖችም ተራራ ላይ የሚተከሉት ለዚህ መሆኑን አስረዳሁ። ማንም አልሰማኝም። ሰዉ ወደ እኔ አያይም ነበር። እርስ በርሱ ነበር የሚተያየው። እያንዳንዱ ጎረቤቱ ወደ እሱ እያየ እንደሆነ በጎን ይሰርቃል፤ የሚያየው ሰው ሲያገኝ ደግሞ ይደርቃል። ፍርሃት መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማን ፍርሃት፣ ከምን እንደመጣ ግን አላወቅሁም።

የመጨረሻውን ስላይድ አስገባሁ። የፈነዳው ኮከብ ነው፤ እንደ ተበተነ ጭስ ይታያል። «ይህ ኮከብ አልቋል» አልኩ። «ብርሃኑ ግን ገና እየመጣ ነው። ሳያውቅ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው አሁንም ያለ ይመስለዋል።»

እትዬ አስካለ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሡ። ከቀዳዳዎቹ የአንዷ ብርሃን ልክ ደረታቸው ላይ አርፏል።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ማለቁን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አለ፣ እትዬ። የሚያዩ ሰዎች አሉ።»

«ካወቁ ቆይተዋል?»

«ቆይተዋል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ለሁሉም ሰው የሚዳረስበት መንገድ ስለሌለ ነው» አልኳቸው።

«በል ስሙን ጥራልኝ» አሉ እትዬ አስካለ።

እኔ ደግሞ ለእውነት ስል የምሞት ሰው ነኝ። «ስም የለውም፣ እትዬ» አልኳቸው። «ብዙ ስለሆኑ ለሁሉም ስም አይወጣም። መዝገብ ላይ ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው።»

አዳራሹ በለቅሶ ተናወጠ። ከኋላ አንዷ «ተስፋዬ» ብላ ጮኸች፤ ከጎን ሌላዋ የሴት ልጇን ስም ጠራች። ለዓመታት በመንገድ ላይ ጮክ ተብለው ያልተጠሩ ስሞች፣ ያን ጊዜ እንዳይለቀስላቸው የተከለከሉት ጭምር፣ በጨለማው ውስጥ ከየአቅጣጫው ተነሡ። ሁሉም መርዶው የእሱ ነው ብሏል። ከግድግዳው ጥግ የጴንጤ ቤተሰቦች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መዝሙር ጀመሩ፤ በሌላ ቀን ቢሆን ያስጠይቃቸው ነበር። ሊቀመንበሩ «ጓዶች፣ ሥርዓት» እያሉ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ቆይተው ድንገት ተዉት። ወደ እኔ ተጠግተው ክንዴን ያዙኝ።

«ጓድ መምህር፣ እውነቱን ንገረኝ» አሉ በሹክሹክታ። «የእኔ ታናሽ ወንድም ነው?»

ምን እያሉኝ እንደሆነ ሳልጠይቃቸው፣ የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አየለ ጥሩምባውን ታጥቆ በሰው መሐል እየተጋፋ ደረሰ። «መምህር፣ ልወጣ ነው፤ የማን ብዬ ልንፋ?» አለኝ።

ድንኳኑን አየሁ። ነጠላዎቹን አየሁ። በአፌ ውስጥ የቀረውን የንፍሮ ጣዕም ቀመስኩት። ሁሉም ነገር ባንዴ ሲገባኝ፣ መጀመሪያ ያየሁት የእትዬ አስካለን ልብ ነው። ገደልኳቸው አልኩ።

«ማንም አልሞተም» ብዬ ጮህኩ። «ስሙኝ፣ ማንም አልሞተም። ድንኳኑ ለመስኮት ነው። እኔ ነኝ ያወጣሁት፤ ለጨለማ ነው የፈለግሁት። ስለ ኮከብ ነው የማወራው።»

ለቅሶው እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ለመስኮት?» አሉ። አንዷ በእንባዋ መሐል ሳቀች፤ አጠገቧ ያለችው ተከተለቻት፤ ሳቁ እየተቀባበለ አዳራሹን ሞላው። ሰዉ ይተቃቀፋል፤ እኔን ይሰድበኛል፤ «አንተ ሟርተኛ» ይለኛል፤ ደግሞ መልሶ ይስቃል። ሊቀመንበሩ ተንፍሰው መሬት ላይ ተቀመጡ። እኔም ከሰዉ ጋር ሳቅሁ።

እትዬ አስካለ አልወደቁም። ቆመው ነበር። እኔ መሳቃቸውን ልይ ብዬ ፊታቸውን ስፈልግ፣ እሳቸው ወደ እኔ አያዩም ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ላይ አሻግረው፣ በሩ አጠገብ ወዳለው ምሰሶ ነበር የሚያዩት። ሩቅ ያለ ነገር አይታያቸውም ብዬ ነበር። ምሰሶውን ተደግፈው የቆሙት ጋሽ ቱፋ ናቸው። ከአዳራሹ ሁሉ ያልሳቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ዱቄት ያልለቀቀው ፂማቸው ላይ እንባቸው ይወርዳል፤ ሊጠርጉት እንኳ እጃቸውን አላነሱም።

ሴቱ ሁሉ ነጠላውን ገልብጦ በለበሰበት አዳራሽ ውስጥ እንደ ወትሮው የለበሱት እትዬ አስካለ ብቻ ነበሩ፤ ለስላይድ ነው የመጡት። አሁን ከትከሻቸው አወረዱት። ቀስ ብለው ገለበጡትና ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው መልሰው ለበሱት። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ እየጠፋ ሄደ።

ድንኳኑን ከመስኮቱ ነቅለን በዚያው ጋሪ፣ ወንበሩንም የብረት ድስቱንም ሳናወርድ፣ እትዬ አስካለ ግቢ ወሰድነው። እኔ በዚያው ጥቁር ልብሴ ከኋላ ተከተልኩ። በዚህኛው ጉዞ ዓይኔን የምጠርገው ከአቧራ አልነበረም።

ጋሽ ቱፋ የነገሩኝ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ነው። ከግርማ ጋር የዘመተ አንድ ወታደር ቆስሎ ሲመለስ ወፍጮ ቤታቸው ገብቶ፣ የግርማን እናት ለማየት አቅም አጥቶ፣ መሞቱን ለእሳቸው ነግሯቸው ሄዷል። ከመንግሥት ወገን የመጣ ነገር ስለሌለ መናገር ወሬ መንዛት ይሆናል፤ ያሳስራል። ያንን ይዘው ወራት ከረሙ። «አንተ መጥተህ ሊቀመንበሩ ፈቅደዋል ስትለኝ፣ ተገላገልኩ አልኩ» አሉኝ። «የተማረ ሰው ልከው ሊያስነግሩላት ነው አልኩ። ደግሞ እንዴት አድርገህ ጀመርከው። እኔ ብሆን እንደዚያ አልችልም።»

እንግዲህ ስሜ የጠፋው በዚህ ነው። ሰፈሩ ሳላውቅ ነው ብዬ ምንም ብናገር አላመነኝም፤ አዋቂ ሆኜ ቀረሁ። ከባድ መርዶ ያለበት ሁሉ «መምህር፣ ያንን የኮከቡን ነገር ብትጀምርላቸው» እያለ ይለምነኝ ጀመር። እምቢ ብል አይሰሙኝም፤ እሺ ብዬ ስሄድ ደግሞ ከሩቅ ያየኝ ሁሉ ይሸሸኛል። ራቅ ብላ ወዳለችው ከተማ ወደ ቡልቡላ ለገበያ ወርጄ እንኳ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት፣ የናዝሬቱ መምህር መሆኔን ከሰማች በኋላ «ልጆቼ ደህና ናቸው?» ብላ ጠይቃኛለች። ስላይዶቹን ዳግመኛ አላወጣኋቸውም።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አስካለ ድንኳኑ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፀሐይ በቀዳዳዎቹ ገብታ ነጠላቸውን በትንንሽ ክቦች ሞልታዋለች። ይቅርታ ልጠይቅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያ መስታወት እስኪቀዘቅዝ ምን ያህል ቆየ ነው ያልከው?» አሉኝ።

«ዓመት አልፎታል፣ እትዬ።»

«ቢቸኩሉበትስ?»

«ይሰነጠቃል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ የሰማሁት ቱፋ መሳቅ የተወ ዕለት ነው» አሉ። «በሩ ላይ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ ሳይስቅ ሄደ። ምሳውን መክደኔን ግን አልተውኩም። እየቀዘቀዝኩ ነበር።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ተከድኖ የተቀመጠውን የግርማን ሳህን አምጥተው እኔ ፊት አስቀመጡት። ብላ አሉኝ። እሳቸው እያዩኝ እስከ መጨረሻው በላሁት። ጨው አንሶት ነበር፤ ምንም አልተናገርኩም።